«ይሰበር!» ያልኩት እምነበረድ

ይህ የሆነው ባለፈው ክረምት፣ እዚሁ ወረታ፣ በገዛ መታጠቢያ ቤቴ ውስጥ ነው። ከአእምሮዬ ያልወጣው፣ በሰው ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ የማላውቅ እኔ፣ ገበያተኛ እስኪሰበሰብ ድረስ የጮህሁበት ቀን ስለሆነ ነው።

የደብረ ታቦር መንገድ ከሚገነጠልበት ትንሽ ገባ ብሎ ብርድ ልብስና ጨርቅ እሸጣለሁ። የተሳፈርኩበት ባጃጅ ተገልብጦ ወገቤን ከተጎዳሁ ወዲህ የምንቀሳቀሰው በዊልቸር ነው። ሱቁን ችዬዋለሁ። ያልቻልኩት መታጠብን ነበር። ለሶላት ውዱእ ሳደርግ ውሃ የምታፈስልኝ የታላቅ ወንድሜ የኑሩ ሚስት ዘይነባ ነበረች። አንድም ቀን ፊቷን አጥቁራብኝ አታውቅም። እኔን ግን ጎህ ሳይቀድ እሷን ከሞቀ አልጋዋ መቀስቀሱ አንገሸገሸኝ።

ከሱቁ ጀርባ መታጠቢያ ቤት ሲሠራ፣ የእጅ መታጠቢያው በእኔ ቁመት እንዲሆን ወሰንኩ። ላዩ ግራጫ እምነበረድ፣ መሃሉ ላይ ሲንኩ፣ ሥሩ ደግሞ ጉልበቴ እንዲገባ ባዶ። ከሐሙሲት ለመጣው ባለሙያ፣ ለጌታነህ፣ ዊልቸሬ ላይ እንደተቀመጥኩ ክንዴን ዘርግቼ ግድግዳው ላይ በከሰል አሰመርኩለት።

«ይህማ የሕፃን ነው» ብሎ ሳቀ።

«የእኔ ነው» አልኩት።

በማግስቱ ገበያ ነበር። ሱቁ ጢም ብሎ፣ ድንጋይ የሚቆርጥበት የግራይንደር ጩኸት ከጓሮ ሲሰማኝ ልቤ በደስታ ይዘል ነበር። ጩኸቱ ሲቆም መጋረጃውን ገልጬ ገባሁ።

እምነበረዱ ያብረቀርቃል። ግን የተቀመጠው ባለ በር ካቢኔት ላይ ነው፤ ቆሞ ለሚሄድ ሰው ልክ። ተጠጋሁ። የዊልቸሬ የእግር ማሳረፊያ የካቢኔቱን በር ገጨው። የድንጋዩ ጠርዝ አገጬ ጋ ደረሰ። ቧንቧውን አየዋለሁ እንጂ እጄ አይደርስበትም።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የሰው ቤት ሁሉ የሚሠራው እንዲህ ነው፤ እንግዳም ይታጠብበታል» አለ ጌታነህ፣ መሣሪያውን እየሰበሰበ። «አንቺ እንደሆን የሚያስታጥብሽ አለሽ።»

ታላቅ ወንድሜ ኑሩ አጠገቡ ቆሟል። «እንዲህ ሥራው ያልኩት እኔ ነኝ። መሬት ላይ የተለጠፈ ነገር ሠርተን ሰው ይሳቅብን?» አለኝ።

ለካ ተማክረዋል። እኔ መጋረጃው ወዲህ ተቀምጬ፣ እነሱ መጋረጃው ወዲያ ስለ እኔ ተማክረዋል! ያቃጠለኝ ይህ ነው።

«አውርደው» አልኩ።

«ተጣብቋል እኮ፤ ሲነሣ ይሰበራል።»

«ይሰበር!»

ዊልቸሬን በሩ ላይ አግድም አቁሜ ፍሬኑን ያዝኩ። «ይህ ድንጋይ ሳይወርድ ከዚህ የሚወጣ የለም!»

«ኧረ ተይ፣ ገበያተኛው ይሰማል» አለ ኑሩ።

«ይስማ!»

ሰሙም። ብርድ ልብስ ሲያማርጡ የነበሩት ሁሉ አንገታቸውን አሰገጉ። ኑሩ ወደ ዊልቸሬ እጀታ እጁን ዘረጋ። ከነወንበሬ አንሥቶ እንደ ዕቃ ወደ ጎን ሊያደርገኝ ነው። ከዚህ በፊትም ለደግ ብሎ አድርጎት ያውቃል።

«እጅህን አንሣ!» አልኩት። እጁ አየር ላይ ቀረ።

ያኔ ነው አንድ የማላውቃቸው ሽማግሌ ከኋላዬ ብቅ ያሉት። ከቁሐር ሚካኤል ብርድ ልብስ ሊገዙ የመጡ፣ ጭቃው እስከ ጉልበታቸው የደረቀባቸው ገበሬ ናቸው። እኔን አዩ፣ ድንጋዩን አዩ፣ ከዚያ ወደ ጌታነህ ዞሩ።

«አንተ ልጅ፣ እኛ የከብት ገንዳ ስናበጅ በጥጃዋ ልክ ነው። ትልቁ በሬ እንደሆን ጎንበስ ይላል።»

«አባቴ፣ ጥጃ አደረጉኝ?» አልኳቸው፣ ንዴቴ ሳይበርድ።

«ጥጃስ እንዲህ አትዋጋም» አሉ። ገበያተኛው ሳቀ። ጌታነህም ሳቁ አመለጠው። ኑሩ ብቻ አልሳቀም።

ጌታነህ ቢላዋውን አውጥቶ ድንጋዩን ያጣበቀበትን ሲልኮን መቁረጥ ጀመረ። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ለእኔ አስይዘው ገቡና ድንጋዩን በአንድ ወገን ያዙለት። ሲያወርዱት ድንጋዩ ግድግዳውን ታከከና አንዱ ጥግ ተገምጦ ወደቀ።

«አየሽ!» አለ ኑሩ።

«አየሁ። ቀጥሉ።»

ካቢኔቱ ወጣ። በከሰሉ መስመር ልክ የብረት መደገፊያ ግድግዳው ውስጥ ገባ፤ የፍሳሽ ቧንቧው ጉልበቴን እንዳይነካ ወደ ግድግዳው ተጠጋ። ጌታነህ ውሃ ልኩን ደጋግሞ እያየ ድንጋዩን አሳረፈው። የተገመጠውንም ጥግ በግራይንደር አለሰለሰልኝ። ሽማግሌው ብርድ ልብሳቸውን ገዝተው መርቀውኝ ሄዱ።

ሙጫው እስኪደርቅ ታግሼ፣ በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ የሱብሂ አዛን ሲል ብቻዬን ገባሁ። ጉልበቴ ከሥር ገባ፣ ክርኔ ድንጋዩ ላይ አረፈ። ውሃውን ራሴ ከፈትኩ። ዘይነባ በልማዷ ጆግ ይዛ በሩ ላይ ስትደርስ ፊቴን ታጥቤ ጨርሻለሁ። «ተመለሺ፣ ተኚ» አልኳት። አልተመለሰችም። ውዱእዬን እስክጨርስ ቆማ አየችኝ።

እስካሁን ድረስ «ታላቅ ወንድሟን በሰው ፊት ያዋረደች» የሚሉኝ ዘመዶች አሉ። ኑሩም ይቅርታ እንድጠይቀው ይጠብቃል። እወደዋለሁ፣ ሩዝም ከአንድ ገበታ አብረን እንበላለን፤ ይቅርታ ግን አልጠይቅም። የምታጠብበትን ቁመት የማውቀው እኔ ነኝ። ደግመው ከፍ አድርገው ቢሰቅሉት፣ ደግሜ አስወርደዋለሁ።