ቁልፉ ይጠብቅሃል

በመሥሪያ ቤታችን ትክክለኛ ስሙን የሚያውቀው የሠራተኛ መዝገብ ብቻ ነው፤ እኛ "ብሎን" እንለዋለን። አንድም አጭርና ደንዳና ስለሆነ፣ አንድም አንዴ የያዘውን ነገር በቀላሉ ስለማይለቅ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት አብረን ሊፍት ጠግነናል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከት ብሎ ሲስቅ ያየሁት ምናልባት አምስት ጊዜ ነው፤ ከአምስቱ ሁለቱ አንድ ትልቅ ሰው ሊፍት ውስጥ ተቆልፎበት "እኔ ማን እንደሆንኩ ታውቃላችሁ?" እያለ ሲጮህ ነው።

ባለፈው ዓመት ሁለታችንን ለሦስት ቀን ወደ አሮጌዋ ከተማ ላኩን። የሆስፒታሉ ሊፍት የብረት ገመዱ አልቆ ሕሙማን በቃሬዛ ደረጃ ለደረጃ ይወጡ ነበር። ሥራው ከባድ ቢሆንም እኔ ደስ አለኝ። ከተማዋን በፎቶ እንጂ በዓይኔ አይቻት አላውቅም፤ ግንቡንና የድንጋይ በሮቹን ለማየት ሰው ከየት የት ይመጣል። ብሎን ግን የጉዞ ወረቀቱን ሲቀበል ፊቱ ዳመነ። "ሌላ ሰው ይሂድ" አለ። ለምን ሲባል "ወገቤን ያመኛል" አለ። ወገቡን እንደማያመው እኔም ኃላፊያችንም እናውቃለን።

ምክንያቱን የማውቀው ግን እኔ ብቻ ነበርኩ። አባቱ የዚያች ከተማ የግንብ ጠባቂ ነበሩ። ብሎን የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለ ሥራውን አግኝተው ሄዱ፤ "ቤት ሳገኝ እወስዳችኋለሁ" ብለው ነበር። ቤት የተባለው በግንቡ ግቢ ውስጥ ያለች አንዲት ክፍል ሆነች። እናቱ "ሦስት ሰው በአንድ ክፍል፣ ለዚያውም በማላውቀው አገር!" ብለው ቀሩ። አባት በዓመት ሁለቴ ብቅ ይላሉ፣ ተመልሰው ይሄዳሉ። እናቱ ድንገት ታመው የሞቱ ጊዜ መልእክቱ ዘገየና አባት የደረሱት ከተቀበሩ በሦስተኛው ቀን ነው። ብሎን ያኔ ሃያ አንድ ዓመቱ ነበር። በዚያ ሁሉ ለቀስተኛ ፊት "አንተ የምትጠብቀው ድንጋይ ነው፤ እኛን ጠብቀኸን አታውቅም" አላቸው። አባት ባርኔጣቸውን አንስተው ወጡ።

ከሦስት ዓመት በኋላ ደብዳቤ መጣ። ብሎን እስከ ዛሬ በላስቲክ ጠቅልሎ በመሣሪያ ሳጥኑ ክዳን ውስጥ ይዞታል። አንድ ቀን ሞቅ ብሎት አሳይቶኛል። ጽሑፉ ሁለት መስመር ነው። "ለመምጣት የፈለግህ ቀን ና። የቤቱ ቁልፍ ይጠብቅሃል።"

እንግዲህ ይህችን ቃል ልብ በሉልኝ። እኛ በቀን አሥር ጊዜ እንጽፋታለን። በጥገና መዝገባችን ላይ "የሁለተኛ ፎቅ በር ይጠብቃል"፣ "የፍሬኑ ብሎን ይጠብቃል" ካልን አልላላ፣ አልዞር ብሏል ማለት ነው። ብሎን ደብዳቤው የደረሰው ሥራ በጀመረ በስድስተኛ ወሩ ነው፤ ጭንቅላቱ በመፍቻና በቁልፍ ተሞልቷል። እናም የአባቱን ደብዳቤ እንደ ብልሽት ሪፖርት አነበበው። መምጣቱን ና፣ በሩ ግን በዋዛ አይከፈትልህም። "እያሾፈብኝ ነው" ብሎ ቂም ቋጠረ። መልስ አልጻፈም፤ አልሄደም። አባቱ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ሲሞቱ እንኳ የሰማው ከአራት ወር በኋላ፣ ያውም ከሩቅ ዘመድ ነው። እኔም ደብዳቤውን ያየሁ ቀን ልክ እንደ እሱ ነበር ያነበብኩት፤ ያው የሊፍት ሰው ነኝ፣ ምን ይደረግ። ሃምሳ ሁለት ዓመት የሞላው፣ ልጁን የዳረ ሰው "አባቴ በሩን ዘጋብኝ" እያለ ይኖር ነበር።

በሁለተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ገመዱን ገጥመን ጨረስን። የቀረን የምድር ቤቱ በር ቁልፍ ነበር፤ መለዋወጫው ደግሞ የሚደርሰው በማግስቱ ጠዋት ነው። ግማሽ ቀን እጃችን ላይ ወደቀ።

"ና ከተማውን እንይ" አልኩት።

"አንተ ሂድ።"

"ፎቶ ማን ያነሳኛል?"

"ድንጋዩ ያንሳህ።"

ነዝንዤ ነዝንዤ አወጣሁት። የአሮጌው ሰፈር መንገድ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስኬድም፤ ንጣፉ በሰው እግር ብዛት ተልጎ ያብረቀርቃል። ጎብኚው ሁሉ አንጋጦ ግንብና መስኮት ያያል። ብሎን የበር ማጠፊያ ያያል። አንድ ትልቅ የእንጨት በር ፊት ቆሞ "ይቺ ማጠፊያ ዘይት ካየች ሃምሳ ዓመቷ ነው" አለ። አስጎብኚው የንጉሥ ታሪክ እያወራ ነበርና በጣም ከፋው።

ግንቡ ላይ ለመውጣት መቶ ስልሳ ደረጃ አለ። ዕድሜ ልካችንን ሰው ደረጃ እንዳይወጣ ስንለፋ ኖረን እኛው በገዛ እግራችን ስንወጣ፣ መቶኛው ላይ ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች። አናቱ ላይ ስንደርስ ከተማው ሁሉ ከእግራችን ሥር ተዘረጋ፤ ጣሪያ በጣሪያ፣ ከዚያ ማዶ ወንዙ። እኔ ፎቶ ሳነሳ ብሎን ቁልቁል ግቢውን ያይ ነበር። ከአጥሩ ጥግ አንዲት የቆርቆሮ ጣሪያ ያላት ክፍል ተለጥፋለች።

"ያቻት" አለኝ። "ልጅ ሆኜ ፎቶዋን ልኮልን ነበር።"

ፊቱን ሳየው አንጀቴን በላው፤ ባላመጣሁት ኖሮ አልኩ።

ስንወርድ በመግቢያው በር ጎጆ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ጡረታ ወጥተው እንኳ ከግቢው ያልወጡ የድሮ ጠባቂ መሆናቸውን በኋላ ነው ያወቅነው። ብሎን አንገቱን ደፍቶ ሊያልፍ ሲል እኔ ምላሴ አላስችል አለኝ።

"አባባ፣ ድሮ እዚህ ጠባቂ የነበሩ፣ ባርኔጣ የማይለያቸው ሰው ያውቃሉ? ይሄ ልጃቸው ነው።"

ብሎን ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ፤ ምልክቱ ለሳምንት አልጠፋም። ሽማግሌው በከዘራቸው ተደግፈው ተነሱና ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

"የሊፍቱ ልጅ?" አሉ።

ክው አልን። "እንዴት አወቁ?"

"እንዴት አላውቅ! ደረጃው ያቃተው ጎብኚ በመጣ ቁጥር አባትህ 'አይዞህ፣ ልጄ ሊፍት ሠሪ ነው፤ ሲመጣ ለዚህ ግንብ ይገጥምለታል' ይል ነበር። የዚህ ከተማ ሰው ሁሉ አንተን ሲጠብቅ ነው የኖረው፤ እንዴት ቆየህ ልጄ?"

ሽማግሌው ዘወር ብለው ከጎጆው ግድግዳ፣ ከሚስማር ላይ አንድ ቁልፍ አወረዱ። በቁልፉ ላይ የታሰረው ክር ቀለሙ ጠፍቷል።

"ይኸው" አሉ። "አባትህ የራሱ ሌላ ቁልፍ ነበረው፤ ይሄን ግን ከዚህ ሚስማር አስነስቶት አያውቅም። እሱ ተረኛ ባይሆን እንኳ ለእኛ አደራ ይላል። 'ልጄ ከመጣ ስጡት፤ ቁልፉ ይጠብቀዋል' ይላል።"

ብሎን ወደ ሽማግሌው ተጠጋ።

"ምን... ምን ነበር የሚለው?"

ሽማግሌው ጆሮው የማይሰማ መሰላቸውና ጮክ አሉ። "ቁልፉ ይ-ጠብ-ብቀዋል! እየጠበቀው ነው! መምጫውን እየጠበቀ ነው!"

ሲነገር ለካ ሌላ ቃል ነው። ትምህርት ቤት "ላልቶ፣ ጠብቆ" እያስባሉ ሲያስነብቡን ቀልድ ይመስለን ነበር። ላልቶ ሲነበብ ብረት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ሰው ነው። ወረቀት ላይ ግን ሁለቱ አንድ ናቸው። ዕድሜውን በጠባቂነት የጨረሰ አባት የእሱን ቃል ጻፈ፤ ልጁ ደግሞ የራሱን አነበበ።

"እኔ... እምቢ ይልሃል ያለኝ መስሎኝ" አለ ብሎን። "ቁልፉ አይዞርልህም ያለኝ መስሎኝ።"

ሽማግሌው መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው ቀስ ብለው ተቀመጡ።

"አይዞርልህም?" አሉ። "እንዳይጠብቅብህ ብሎ እኮ ቅዳሜ ቅዳሜ መቆለፊያውን ዘይት ይቀባው ነበር! 'ልጄ ባለሙያ ነው፣ በሩ ላይ ሲታገል ይታዘበኛል' እያለ። እሱ ከሞተ ወዲህ ማን ይቀባዋል። ክፍሏን አስረክብ ሲሉኝ 'ባለቤት አላት፣ ይመጣል' እላለሁ እንጂ ዘይቱስ ትዝም አላለኝ።"

"ለምን አልመጣም ታዲያ? ለምን ደግሞ አልጻፈም?" አለ ብሎን።

"ሂድ አምጣው ስለው 'እናቱን ሳልቀብር የቀረሁ ቀን ያየኝን ዓይን ደግሜ ማየት አልችልም' አለኝ። 'ጽፌለታለሁ፤ ቁጣው ሲበርድ ይመጣል።'"

ግቢውን አቋርጠን ሄድን። ብሎን ቁልፉን አስገብቶ አዞረ። ጠብቋል። ዘጠኝ ዓመት ዝጎ ንቅንቅ አልል አለ። "አምጣው እኔ ልሞክር" አልኩ።

"ተወው" አለ። "የእኔ ነው።"

ከኪሱ ትንሿን የዘይት ዕቃ አወጣ፤ ያለሷ የትም አይሄድም። ጠብ አደረገበትና ዘይቱ እስኪዘልቅ በሩ ሥር ቁጭ አለ። እኔና ሽማግሌውም ቆምን። አሥር ደቂቃ ያህል ከግንቡ ላይ የጎብኚዎችን ሳቅ ሰማን። ከዚያ ተነስቶ አዞረው፤ ተከፈተ።

ክፍሏ ውስጥ አንድ አልጋ፣ ከአጠገቡ ተጠቅሎ በሲባጎ የታሰረ ሌላ ፍራሽ ነበር። ሲባጎው ተፈትቶ የሚያውቅ አይመስልም። መስኮቱ ላይ የዘይት ቆርቆሮ ተቀምጧል። ብሎን አንስቶ ነቀነቀው፤ ደርቋል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና ቆርቆሮውን በሁለት እጁ ይዞ አለቀሰ። ሃያ ሁለት ዓመት አብሬው ስኖር እንባውን ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

"አሥራ ዘጠኝ ዓመት በየሳምንቱ ዘይት ቀባልኝ" አለ። "እኔ አንድ ቀን ጮክ ብዬ አላነበብኩለትም።"

እኔም ከጎኑ ተቀመጥኩ።

በማግስቱ መለዋወጫው ደርሶ ወደ ሆስፒታሉ ተመለስን። የምድር ቤቱን በር መፍታት ከመጀመራችን በፊት የብልሽቱን ዓይነት መዝገቡ ላይ መሙላት ነበረብን። ብሎን ብዕሩን ይዞ ቆየ። ጻፈና መዝገቡን ሰጠኝ። "የምድር ቤት በር ቁልፍ እምቢ ይላል" ይላል።

"እምቢ ይላል ብሎ ሪፖርት አለ እንዴ?" አልኩት። "እንደ ሰው 'ይጠብቃል' በል እንጂ።"

መፍቻውን ከሳጥኑ አወጣና ወደ በሩ ዞረ።

"ያ ቃል የአባቴ ነው" አለኝ።