ሰሊጥ የተሳፈረበት ፉርጎ

መተማ፣ መጋዘን ደጃፍ ሰሊጥ ሲጫን ሽታው የሱዳኗን ገዳሪፍ ያስታውሰኛል።

በልጅነቴ አባቴ እኔንና እህቴን የበዓል ልብስ አልብሶ፣ ድንበር አሻግሮ ባቡር ሊያሳየን ወሰደን። የከተማው ልጆች በቆመ ፉርጎ ላይ እየተንጠላጠሉ ይጫወታሉ። እኛም ወጣን። ፀሐይ ያጋለው ብረት መዳፌን ቢለበልበኝም አለቀቅሁትም። ወዲያው የባቡር ጣቢያው ዘበኛ መጥቶ ሁለታችንን ብቻ ጎትቶ አወረደን።

«ሐበሻ፣ ውረድ!»

አባቴ ፉርጎውን በዱላው እየደበደበ ጮኸበት፦ «ሰሊጣችንን ስትጭኑትስ ‹ሐበሻ ነህ፣ ውረድ› ብላችሁታል?»

ያኔ አልገባኝም። ሰሊጡ የቱ ጋ እንደተቀመጠ ለማየት አንገቴን አሰገግሁ።

ትናንት ልጄ የሚጫነውን ጆንያ እያየች «አባዬ፣ ይሄ ሁሉ ሰሊጥ የት ነው የሚሄደው?» አለችኝ።

ደሜ እንደ አዲስ ፈላ።

«አባትሽን ጎትተው ካወረዱበት» አልኳት።