ጠቋሚው ሲወርድ

ከአውበሬ ስንመለስ የተከራየነው አሮጌ መኪና የሞተር ሙቀት ጌጅ ጠቋሚ ወደ ቀዩ ወጣ፣ ወረደ፣ እንደገና ወጣ። በመጨረሻ ወርዶ እዚያው ቀረ። ሾፌሩ "እሰይ፣ ቀዘቀዘ" አለ። እኔን ግን የጋለ ብረት ሸተተኝ።

ልጅ ሆኜ፣ እናቴን ትኩሳት ጥሏት ከሐርተሼክ ወደ ጅጅጋ ሐኪም ቤት ስንወስዳት፣ የአባቴ መኪና ጌጅም እንዲሁ ሲዘል ቆይቶ ወረደ። አባቴ ደስ ብሎት ነዳጅ ረገጠ። ከጎኑ የተቀመጡት ጎረቤታችን ሐጂ፣ የድሮ የጭነት መኪና ሾፌር፣ ክንዱን ያዙት።

"በዚህ ፀሐይ ከየት የመጣ ብርድ ነው? ቁም፣ አንተ ልጅ! የሞተሩ ውሃ አልቆ፣ ጌጁ የሚለካው አጥቶ ነው።"

"ሐጂ፣ ሴትዮዋ እኮ እየነደደች ነው!"

"ሞተሩ ነክሶ ከቆመ በጀርባህ ታደርሳታለህ?"

ቆምን። የመጠጥ ውሃውን እናቴ ጨርሳዋለች። ሞተሩ ሲበርድ ሐጂ ለሶላት መታጠቢያ የያዙትን ጀሪካን ራዲያተሩ ውስጥ ገለበጡት። "ለእኔ ሶላት አፈሩ ይበቃኛል" አሉና መዳፋቸውን መሬት ላይ መታ አድርገው ፊታቸውን አበሱ። አባቴ ሰዓቱን ያያል።

ጅጅጋ ደረስን። እናቴ ከቀናት በኋላ አረፈች። መቆማችን አዘገያት ወይስ አደረሳት፣ የጠየቅኋቸው ሐኪሞችም መካኒኮችም ቁርጡን አልነገሩኝም።

"ቁም" አልኩት የኪራዩን መኪና ሾፌር።

"መኪና ያውቃሉ እንዴ፣ ጋሼ?"

"አላውቅም። ቁም።"

እግሬ ሥር ያለውን የውሃ ጠርሙስ አነሳሁት። ግማሽ ነበር።