«እርስዎ» የገባበት ስፌት ቤት

ጨርቅ ቆራጯን ደንበኞቿ «እትዬ መቀስ» ይሏታል። መቀሱ የእጇ ይሁን የምላሷ እስካሁን አልተለየም። እኔ በሁለቱም ስቆረጥ ነው የኖርኩት። በስፌት ቤቷ ልብስ ተኳሽ ነኝ፤ ጸጉሬም የሸበተው እዚያው ካውያ ላይ ነው። እኩያሞች ስለሆንን አንቺ እላታለሁ፣ እሷም አንተ ትለኛለች፤ ሲከፋት ደግሞ ሌላ ሌላም ትለኛለች።

ቤቱ ጠባብ ነው። በሩ አጠገብ የእኔ መተኮሻ፣ መሃል ላይ ረጅሙ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ መስኮቱ ሥር የስፌት መኪናው አለ። መኪናው ላይ የምትቀመጠው የእትዬ መቀስ የወንድም ሚስት ናት። ወንድምየው ከሞተ በኋላ ግን እትዬ መቀስ «የወንድሜ ሚስት» ማለቱን ተወችና «ሰፊዋ» ትላት ጀመር፤ እኔም ልማድ ሆኖብኝ እንደዚያው እላለሁ።

ድሮ እንዲህ አልነበሩም። ሰፊዋ «እታለም» ብላ ስትጠራት እትዬ መቀስ «ምን ሆንሽ አንቺ እብድ» ብላ ትመልሳለች። ይህ ስድብ እንዳይመስላችሁ። ሰፊዋ «አንቺ እብድ» ሳትባል ከዋለች «ዛሬ ምን አጠፋሁ?» ብላ እኔን ትጠይቀኝ ነበር።

ከዚያ ወንድምየው ታመመ። ሚስቱ ሌላ ከተማ ሆስፒታል ይዛው ሄደች። እትዬ መቀስ በስልክ ስትጠይቃት «እየተሻለው ነው፣ አትምጪ፣ ሱቁን ጠብቂ» ትባላለች። እኔም አጠገቧ ቆሜ «እንኳን ተሻለው» እላለሁ። በመጨረሻ የመጣው ስልክ መርዶ ነበር።

ለቅሶው አልፎ ሥራ የጀመርን ዕለት ሰፊዋ ስትገባ እትዬ መቀስ ቀና ብላ አየቻትና «እንደምን አደሩ?» አለቻት።

ያቺን «አደሩ» ስሰማ፣ ምነው በሰደበቻት አልኩ። የተሳደበ ሰው ይቅርታ ይጠይቃል፣ ይታረቃል። «ለምን አከበርሽኝ» ተብሎ ግን ሽማግሌ አይላክም። ሰፊዋም ኩራት አያንሳትምና እንባዋን ውጣ «ደኅና ነኝ ወይዘሮ፣ እርስዎስ?» አለች።

ከዚያ በኋላ ስፌት ቤቱ ቤተ መንግሥት ሆነ። «እባክዎ ክሩን ያቀብሉኝ።» «ጠርዙን አይተውልኛል?» ደንበኞች «እንዴት የሚከባበሩ ሴቶች ናቸው» እያሉ ያደንቃሉ። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው ይባላል፤ ሣሩ እኔ ነበርኩ። አንዷ በእኔ በኩል ለሌላዋ ትናገራለች፣ ሁለቱም በየፊናቸው በሁለት ቢላዋ ይበላል ብለው ያሙኛል።

የበዓል ሰሞን ሲመጣ ሥራው እንደ ጎርፍ ወረደብን። የልጆች ልብስ፣ ይጥበብልኝ፣ ይስፋልኝ፣ ዛሬ ካልደረሰ ሞቼ እገኛለሁ የሚል ሰው ሁሉ በራችን ላይ ነው። በዚህ መሃል ሰፊዋ አንገቷን ደፍታ «ወይዘሮ፣ ከበዓሉ በኋላ ልብስ ፋብሪካ ሥራ አግኝቻለሁ» አለች። እትዬ መቀስ ከምትቆርጠው ጨርቅ ላይ ዓይኗን ሳታነሳ «ይቅናዎት» አለቻት።

የዚያን ዕለት ምሳ ሰዓት ሰፊዋ ወጣ ስትል እትዬ መቀስ ምግቧን ገፋ አድርጋ ተቀመጠች።

«ወንድሜ ትቶልኝ የሄደው ሰው እሷ ብቻ ነበረች» አለችኝ። «አሁን እሷም ልትሄድ ነው።»

«ታዲያ ለምን እንድትቀር አትነግሪያትም?»

«ምን ብዬ? አይሂዱ ልበላት? አይሂዱ የሚባለው ለእንግዳ ነው። ሻይ ጠጥተው ይሂዱ እንደማለት።»

«አንቺ በያት።»

«እንደገና መጀመር መች ይቀላል? ዝም ብለህ ተኩስ።»

ተኮስኩ።

የበዓሉ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ቤቱ በሰው ጢም ብሎ መተንፈሻ ጠፋ። አንዲት እናት የልጇን ሱሪ ቶሎ በል እያለች ስታጣድፈኝ የጋለውን ካውያ የመቁረጫው ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ አስቀመጥኩት። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አልክድም። ሰፊዋ የወደቀባትን ቁልፍ ፍለጋ ጠረጴዛው ሥር አጎንብሳ ወለሉን በእጇ ትዳብሳለች። አንድ ሰው ሲያልፍ ቦርሳው የካውያውን ገመድ ያዘና ካውያው ተንሸራተተ።

«አንቺ እብድ፣ ዞር በይ» የሚል ጩኸት ሰማሁ። እትዬ መቀስ መቀሷን ጥላ፣ የሰፊዋን ኮሌታ ጨምድዳ ወደ ኋላ ጎተተቻት። ካውያው የሰፊዋ እጅ የነበረበት ቦታ ላይ ዱብ አለ። ተንደርድሬ ገመዱን ከሶኬቱ ነቀልኩት። ማንም አልተቃጠለም። 

ሰፊዋ ወለሉ ላይ እንደተቀመጠች ቀና ብላ አየቻት።

«ምን አሉኝ?»

«ዞር ይበሉ ነው ያልኩት።»

«አይደለም። ከሱ በፊት።»

ከአፍ የወጣ አፋፍ። እትዬ መቀስ ፊቷ ቀላ፣ ወደ እኔ ዞረች፣ እኔ ጣሪያውን አየሁ። «ምን አልኩ? ምንም አላልኩም» አለችና ቁጣዋ መልሶ መጣ። «እርስዎ ደግሞ እጅሽን የት ነው የሚያስገቡት?»

በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት ሴቶችን ተቆጣች። ወረፋ የያዙት ደንበኞች ሳቁ። ሰፊዋም ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ ወደ ለቅሶ ዞረባት።

«እታለም» አለች።

እትዬ መቀስ አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። የሰፊዋን እጅ ይዛ እያገላበጠች አየች፣ አለመቃጠሉን እርግጠኛ ከሆነች በኋላም አልለቀቀችውም።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለቻት በቀስታ። «መጥቼ ላየው አይገባኝም ነበር?»

«እሱ አስምሎኝ ነው። እህቴ ስታለቅስ አይቼ አላውቅም፣ እሷ ካለቀሰች መሞቴን አውቃለሁ አለኝ። ምን ላድርግ? ልነግርሽ ብዬ ስልኩን ባነሳሁ ቁጥር ያየኛል።»

«ታዲያ ከሞተ በኋላ አትነግሪኝም?»

«እንደምን አደሩ ስትይኝ? ለወይዘሮ እንዴት ይነገራል?»

«አላለቅስም ነበር» አለች እትዬ መቀስ፤ ይህን ስትል ግን እንባዋ አገጯ ደርሶ ነበር። ደንበኞቹ ሰው ናቸውና ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። የምታጣድፈኝ እናት እንኳ ሱሪውን ረስታ አፍንጫዋን ትጠርጋለች።

«አትሂጂ» አለቻት እትዬ መቀስ። «ፋብሪካሽ ይቃጠል። ለማን ትተሽኝ ነው የምትሄጂው? ለዚህ ሽማግሌ?»

ሽማግሌው እኔ ነኝ። ምንም አልከፋኝም።

ሰፊዋ እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። «ለፋብሪካው ገና እሺ አላልኩም» አለች። «እስክትቆጪኝ ነበር የምጠብቀው።»

ያኔ እፎይ አልኩ። ያን ሁሉ ጊዜ አየር በግማሽ ስስብ እንደኖርኩ የታወቀኝ ያኔ ነው። ተነስተን የሰዉን ልብስ አደረስን፤ አንድም ሰው ባዶ እጁን አልሄደም።

የበዓሉን ቀን ሦስታችንም እትዬ መቀስ ቤት ዋልን። ሰፊዋ ወጡ ጨው በዛበት አለች፣ እትዬ መቀስ ምላስሽ ነው የበዛው አለቻት፣ ሳህን ማጠብ ላይ ተጨቃጨቁ፣ የሟቹን ፎቶ የት እንስቀል በሚለው ደግሞ ጭራሽ ተሰዳደቡ። እኔ ጥጌን ይዤ ቁጭ ብዬ ሰማኋቸው። አንድም «እባክዎ» ሳልሰማ መሸ።