የጭቃ መራጊው ዳቦ

ንፋስ መውጫ ውስጥ ካለው የጭቃ ግድግዳ ግማሹን የረገጠው ሙላው ነው ቢባል ብዙም አልተጋነነም። በጎረምሳነቱ ከስማዳ ወጥቶ እዚህ ከተማ ሲገባ ከሁለት እግሮቹ በቀር የያዘው መሣሪያ አልነበረም። በእነዚያው እግሮች ጭቃና ጭድ እየረገጠ የስንቱን ቤት መረገ፣ ሚስት አገባ፣ ልጅ አስተማረ። አሁን ስድሳውን አልፏል። ብሎኬት መጥቶ ገበያውን ቢያቀዘቅዝበትም፣ ግድግዳው እንዳይሰነጠቅበት የሚፈልግ ሰው ዛሬም የሚያስጠራው እሱን ነው። ምክንያቱም ሙላው አይቸኩልም። ባለቤቱ ቆሞ ቢጨቀጭቀው እንኳ "ቆይ እንጂ ጌታው፣ ጭቃው ይብላላ" ብሎ ረግጦ ሸፍኖ ያስቀምጠዋል፤ በደንብ ቦክቶ እጅ እስኪይዝ ድረስ ግድግዳ አያስነካውም። የማጀት ነገር ሲሆን ግን፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ሽሮ ለመሥራት መጀመሪያ የሚጣደው ውሃው ይሁን ዱቄቱ እንኳ አያውቅም ነበር።

ይኸ ሰው ነው እንግዲህ በበዓለ ሃምሳ ዳቦ የጋገረው።

ነገሩ የመጣው በሚስቱ በአልጣሽ ሕመም ነው። ከጥምቀት ጀምሮ ቀኝ ጎኗን ሲወጋት፣ "ብርድ ነው፣ ይተወኛል" እያለች ስትደብቅ ቆይታ፣ ከፋሲካ በኋላ አልቻለችምና ደብረ ታቦር ወሰዷት። ሐኪሙ የሐሞት ጠጠር ነው ብሎ ቀዶ አወጣላት። ጠጠሮቹን በትንሽ ብልቃጥ አድርጎ ለሙላው እያሳየ፣ "ይኸው ነው አባቴ፤ ሌላ ክፉ ነገር የለባትም" አለው። ሙላው እስከዚያች ሰዓት ድረስ ዕጢ ነው የሚል ወሬ በሆዱ ይዞ ነው የተንከራተተው። ኮሪደሩ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀምጦ እንባውን ለቀቀው። በዚያ የሚያልፍ አንድ ሽማግሌ ሰው የሞተበት መስሎት "አይዞህ ወንድሜ፣ እግዜር ያጽናህ" ቢለው፣ "ኧረ ዳነችልኝ! ዳነችልኝ እኮ ነው የምልህ!" ብሎ ጮኸበት። ሽማግሌው ደንግጦ መንገዱን ቀጠለ።

ቤታቸው ከገቡ በኋላ ግን አልጣሽ መብላት እምቢ አለች። እምቢ ማለት እንኳ አይደለም፤ ምግቡ እሷን እምቢ አላት ቢባል ይሻላል። ሐኪሙ ቅቤና በርበሬ ለጊዜው ይቅርባት፣ ቅንጬና ዳቦ የመሳሰለ ቀለል ያለ ነገር ትብላ ብሎ ነበር። "ካልበላች ግን ቁስሉም አይሽርም፣ ጉልበቷም አይመለስም፤ መልሳችሁ ልታመጡብኝ ነው" የምትል ቃልም ጨምሮበታል። የሙላውን እንቅልፍ የነሳችው ይቺ ቃል ናት። አንድ ጊዜ "ዳነች" ተብሎ እፎይ ብሏል። ዳግመኛ እዚያ ኮሪደር ላይ መቀመጥ አይፈልግም፤ ሁለተኛውን ማን ያውቃል?

ጎረቤታቸው የኔነሽ፣ የልጃቸው የህይወት የክርስትና እናት፣ ጠዋት ጠዋት የገብስ ቅንጬ ይዛላቸው ትመጣ ነበር። የኔነሽ ምላሷን አያድርስባችሁ፤ እጇ ግን ወርቅ ነው። ቅንጬዋ ፍሬ ፍሬው ሳይፈርስ የበሰለ፣ እንፋሎቱ ከደጅ የሚጣራ ነው። አልጣሽ ሁለት ማንኪያ ትቀምስና "እግዜር ይስጥልኝ እቴ፣ ጠገብሁ" ብላ ሳህኑን ትገፋለች።

"ትንሽ ድገሚ እንጂ" ይላታል ሙላው።

"አፌ እንጨት እንጨት ይለኛል። ተወኝ በሞቴ።"

እሷ ቅንጬ የምታውቀው በቅቤ ሲያብረቀርቅ ነው። ዕድሜ ልካቸውን ሙላው ሥራ ሳይወጣ በፊት ከአንድ ሳህን የሚበሉት እሱን ነበር። ሲበሉ ብዙም አያወሩም፤ እሷ ቅቤ የጠገበውን እየገፋች ወደ እሱ ትልካለች፣ እሱም አላየሁም ብሎ ይበላል። አሁን ያን ሳህን የሚጨርሰው ብቻውን ነው።

አንድ ቀን እኔው ልሥራላት ብሎ ተነሣ። ገብሱን ጣደ፣ አማሰለ፣ ውሃውን ረሳ። ሲያወርደው ማንኪያው መሐሉ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ለግድግዳ ቢሆን አንደኛ ነበር። አልጣሽ ቀመሰችና "ጥሩ ነው" አለችው። ይኸኔ ነው የደነገጠው። የድሮዋ አልጣሽ ብትሆን ሆዷን ይዛ እየሳቀች፣ "አንተ ሰው፣ የማንን ቤት ልትመርግበት ነው?" ትለው ነበር። ሳቁም ቀልዱም የት ገባ? ጥሩ ነው ብላ ዝም?

"በይ ምን አማረሽ? ንገሪኝና ከየትም ከየትም ብዬ ላምጣልሽ" አላት በማግስቱ።

ከጭቅጭቁ ለመገላገል ብቻ ፊቷን ወደ ግድግዳው እያዞረች "ትኩስ ዳቦ" አለችው።

ሙላው ይኸን ሲሰማ ባጃጅ እንኳ አልጠበቀም፤ ዳቦ ቤት ሮጦ ትኩስ ትኩሱን በፌስታል ይዞ መጣ። እሷም አንዱን በአውራ ጣቷ ጫን አደረገችው፤ ሟሸሸ። "ይኸማ አየር ነው፤ የቤት ዳቦ ነው ያልሁህ" ብላ መልሳ ተኛች።

ዓርብ ዕለት የኔነሽ በርበሬ ልትሸምት በጠዋቱ መኪና ተሳፍራ አርብ ገበያ ወረደች። ሙላው የልብ ልብ ተሰማው። የግቢውን በር ከውስጥ ቀረቀረና መካነ ኢየሱስ ለምታስተምረው ልጁ ደወለ።

"ህይወት፣ ዳቦ እንዴት ነው የሚጋገረው?"

"ማን ሊጋግር ነው አባዬ?"

"ሰው።"

ህይወት በስልኩ ውስጥ ስትስቅ ሰማት። "እትዬ የኔነሽን ለምን አትለምናትም?"

"ገበያ ሄዳለች። ብትኖርስ? ቤታችንን ተሸክማ የከረመችው እሷ አይደለችም እንዴ? ደግሞ ምን አማረሽ ብዬ የጠየቅኋት እኔ ነኝ" አለ ሙላው ኮስተር ብሎ።

ልጁ መሳቋን ተወችና አንድ በአንድ ነገረችው። እርሾውን ለብ ባለ ውሃ በጥብጥ፣ ጨው እንዳትረሳ፣ ዱቄቱን እሽት አድርገህ አቡካ፣ ኩፍ ሲል ቶሎ ጋግረው። ደወል ተደወለና ክፍል ገባች።

ማሸቱን አሸው፤ ያን ጊዜ ብታዩት ዳቦ የሚጋግር ሳይሆን ግድግዳ የሚያቆም ነው የሚመስለው። ጨዉን ረሳው። ሊጡን ቡሃቃ ውስጥ አድርጎ ሸፈነና፣ "ቶሎ ጋግረው" የተባለውን ግን አልተቀበለም። የቦካ ነገር በቆየ ቁጥር ይበልጥ እንደሚይዝ ከእሱ በላይ ማን ያውቃል? አጥር ሲጠግን፣ እንጨት ሲፈልጥ ቆይቶ ቀትር ካለፈ በኋላ ቢመለስ፣ ሊጡ ቡሃቃውን ጥሎ ወጥቶ መሬት ለመሬት ይሄዳል። አንዲት ዶሮ ጠርዙን እየለቀመችለት ነው። "እሽ! አንቺ የተረገምሽ!" ብሎ ዶሮዋን አባረረ፤ መሬት ያልነካውን ሰብስቦ በቡጢ እየደቃ መለሰው። በብረት ድስት ውስጥ የጎመን ቅጠል አነጠፈ፣ ሊጡን ገለበጠበት፣ ከድኖም ከላይም ከታችም ፍም ቆለለበት። ትንሽ ቆይቶ ሌላ ፍም ጨመረ። አሁንም ጨመረ።

ድስቱን ከፍቶ ዳቦውን ሲያወጣ ጢሱ ቤቱን ሞልቶታል። ወዲያው የግቢው በር ተንኳኳ። የኔነሽ ናት፤ በርበሬው ተወዶባት ቀድማ ተመልሳለች።

"ቤቶች! ምንድን ነው የተቃጠለው?"

ሙላው በሩን ገርበብ አደረገ። "ምንም። ህይወት ዳቦ ልካልን ነው።"

"ከመካነ ኢየሱስ እየጨሰ መጣ?" አለች የኔነሽ። ከዚያ ጢሙ ላይ የተርከፈከፈውን ዱቄት አየችና አፏን በነጠላዋ ይዛ ፈነዳች። "ወይ ጉዴ! አያ ሙላው፣ ማጀት ገባህ? የሰማዩ ጌታ! ይኸንንስ ለማኅበሩ ሳልነግር አላድርም።"

ሙላው ጆሮው ድረስ ጋለ። መሬት መሬት እያየ ጢሙን በእጅጌው ጠረገ።

"የኔነሽ!"

ከቤት ውስጥ ነው። ሁለቱም ዞሩ። ከደብረ ታቦር ከተመለሰች ወዲህ አልጣሽ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ሰው ጠርታ አታውቅም።

"እሱ ነው የጋገረው! ምን ይሁን? ነይ ግቢና ቅመሺ!"

ሲገቡ አልጣሽ ጎኗን በእጇ ደግፋ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች፤ እግሯን አውርዳለች። ሙላው ዳቦውን በሰፌድ አድርጎ አቀረበና እንደ ልማዱ ሊቆርስ ቢላውን አነሣ።

"ስጠኝ" አለችው እጇን ዘርግታ። "እኔ ስጋግር የምትቆርሰው አንተ ነህ። አንተ ከጋገርህ እኔ እቆርሳለሁ።"

በስመ አብ ብላ አማትባ ቢላውን መሐሉ ላይ ሰደደችው። ሲወጣ ሊጥ ለብሶ ወጣ። ሙላው አየው። አልጣሽም አይታዋለች፤ የኔነሽ ዞር እስክትል ጠብቃ ቢላውን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። ከዳር ከዳር ደኅና ደኅናውን ቆርሳ ለእንግዳዋ ሰጠች፤ ለራሷም አንድ ቁራሽ ያዘች።

የኔነሽ አላመጠች። "ጨው የለውም።"

"ለእኔ ብሎ ነዋ። በሽተኛ ጨው ይበላል እንዴ?" አለች አልጣሽና ጎረሰች። ሐኪሙ ስለ ጨው አንድም ነገር አላለም።

"ከታች አሯል።"

"እኔ ያረረው ነው የሚጥመኝ።" ደግማ ጎረሰች።

የኔነሽ ቁራሹን ይዛ የአልጣሽን አፍ ትክ ብላ አየች። ሙላውም እያየ ነው። "ደግሞ ኮምጥጧል። ይኸ ዳቦ አይደለም፣ አልጣሽ፣ ይኸ ጡብ ነው" አለች የኔነሽ ቀስ ብላ።

"ባልሽ በሕይወት ሳለ አንድ ቀን ጋግሮልሽ ያውቃል? ዝም ብለሽ ብዪ!" አለች አልጣሽ፤ ሦስተኛውን ቁራሽ ለራሷ ቆረሰች።

ከዚያ ወዲያ የኔነሽ ዳቦውን ስታጣጥለው፣ አልጣሽ በየስድቡ ላይ እየጎረሰች መልስ ስትሰጥ ቆዩ። ቅርፊቱ ተሰደበ፣ ቅርፊቱ ተበላ። ሙላው በመካከላቸው እንደ ተከሳሽ ቆሟል፤ እንደዚያ ቀን የተሰደበበት ጊዜ የለም፣ እንደዚያ ቀንም ደስ ብሎት አያውቅም።

ሊሸኛት ሲወጣ የኔነሽ በሩ ላይ ስትደርስ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች።

"ምን ሆንሽ?"

"ጢስህ ነዋ" አለችው። ከዚያ ክንዱን ያዝ አድርጋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "አያ ሙላው፣ ነገም ጋግር። ስድቡን ለእኔ ተወው።"

ሙላው ተመልሶ ገባ። እንግዳዋ ሄዳለች፤ አልጣሽም ለክብሩ ብላ የበላችውን በልታለች፤ ሆዷን እንዳያማት ብሎ ሰፌዱን ሊያነሣ እጁን ሰደደ።

"ወዴት ነው የምትወስደው?" አለችና ሰፌዱን ወደ ራሷ ሳበች። ከእሱ በቀር የሚያያት ሰው የለም፤ የምትከራከረውም የለም። ሌላ ቁራሽ አነሣች። "ቁጭ በል። አንተስ አትበላም እንዴ? ፊትህ እኮ ጠውልጓል።"

አልጋው ጠርዝ ላይ ከጎኗ ተቀመጠ። ከዳሩ ቆርሳ አጎረሰችው። አላመጠ፤ አሁንም አላመጠ፤ አልዋጥ አለው።

"አልጣሽ" አላት በመጨረሻ፣ "ይኸ እኮ አይበላም።"

"አይበላም" አለችው፣ አፏን ሞልታ።