ከጋቢ ሥር የምታበራው ሥዕል

ዕድሜዬን ሙሉ ፊዚክስ አስተምሬአለሁ። በጨለማ ስለሚያበሩ ነገሮች ሳስተምር ምሳሌዎቼ ሁልጊዜ ያው ነበሩ፤ የእጅ ሰዓት ቆጣሪ፣ ማብሪያ ማጥፊያው ላይ ያለችው አረንጓዴ ነጥብ፣ ክፍላችን ጣሪያ ላይ እየተርገበገበ የሚያናድደኝ ፍሎረሰንት። እናቴ ቤት የነበረችውን ሥዕል ግን አንድም ቀን አንስቼ አላውቅም። ተማሪ መሳቁ አይቀርም፤ በእሷ የሚስቅ ሰው ደግሞ ከእኔ ጋር አይስማማም።

ሥዕሏን ያመጣት ወንድሜ ነው። በደርግ ጊዜ ከአዳማ አሰብ በሚመላለስ የጭነት መኪና ላይ ረዳት ነበር፤ ከወደብ ሲመለስ ባዶ እጁን ገብቶ አያውቅም። ያን ቀን ከጃኬቱ ውስጥ ያወጣት ከፕላስቲክ የተሠራች፣ ከመዳፍ ትንሽ የምትበልጥ የእመቤታችን ሥዕል ነበረች። እናቴ ተሳለመቻትና፣ «ቆንጆ ናት፤ ግን ቀሚሷ ምነው እንዲህ ገረጣ?» አለች።

«ቆይ እማዬ፣ ገና መች አየሻት!» አለና ሥዕሏን ደጅ አውጥቶ ለጥቂት ጊዜ ፀሐይ አስመታት። ከዚያ እናቴን መደቡ ላይ አስቀመጠ፣ በቀኟ በኩል ተሸጎጠና ጋቢዋን በሁለቱም ራስ ላይ ጣለው። በጠራራ ፀሐይ ሁለት ሰው ተከናንቦ ይንሾካሾካል። ከጋቢው ውስጥ የእናቴ እልልታ ሲወጣ፣ ጎረቤታችን የወሎዋ ሴትዮ «ምን ተገኘ?» እያለች ከሱቋ ሮጣ መጣች። እኔም በተራዬ ገብቼ አየሁ። የእመቤታችን ቀሚስና በራሷ ዙሪያ ያለው አክሊል ጥሬ ሎሚ የመሰለ ብርሃን ይሰጣል። «ባትሪ የላት፣ ገመድ የላት!» ይላል ወንድሜ፣ እሱ የሠራት ይመስል።

ብዙም ሳይቆይ ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰደና ወደ ሰሜን ተላከ። እናቴ ሥዕሏን ከራስጌዋ ሰቀለቻት። ሰቀለቻት ስል እንደ ወጉ ነው፤ ጥለት ያለው ነጭ መጋረጃ ሰፍታ ሸፈነቻት። እኛ ቤት የቅዱሳን ሥዕል ተገልጦ አይውልም፤ መጋረጃው የሚነሳው ለጸሎት ብቻ ነው። እናቴ የምትጸልየው ደግሞ ሲመሽ፣ መብራት አጥፍታ ነበር። መጋረጃውን ስትገልጥ ጨለማ ሆነባት። በማግስቱም ያው ጨለማ ነው።

«ፊቷን አዞረችብን» አለች። «ልጄ አንድ ነገር ሆኗል።» ከዚያ ወዲያ እህል አልወርድ አላት። ማዕድ ላይ ትቀመጥና እኔ ስበላ ታየኛለች።

ያን ጊዜ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። ነገሩን ለፊዚክስ አስተማሪያችን ነገርኩት። እንዲህ ያለው ቀለም ብርሃን ሲያርፍበት ጉልበቱን ይቀበላል አለኝ። ፍሎረሰንት ውስጥ የተቀባው ነጭ ዱቄት የተቀበለውን ወዲያው ይመልሳል፤ ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ እሱም ያበቃል። የአንዳንዱ ቀለም ጉልበት ግን ውስጡ ተይዞ ይቆይና ቀስ እያለ፣ እያነሰ እያነሰ ይወጣል። ፀሐይ የማይለምነው በአንዳንድ የድሮ ሰዓት ላይ ያለው ብቻ ነው፤ ከቀለሙ ጋር የተቀላቀለው ጨረር ከውስጥ ያበራዋል፣ እያበራውም ይጨርሰዋል። «የእናትሽ ሥዕል ከዚህኛው ዓይነት አትመስለኝም» አለ። «ሳትቀበል ምን ትስጥ?»

እየሮጥኩ ቤት ገባሁ። «እማዬ፣ ሥዕሏ የፈለገችው ፀሐይ ነው። ቀን ቀን መጋረጃው ይገለጥ፣ ወይ ደጅ እናውጣት።»

እናቴ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። «የእመቤቴን ሥዕል እንደ በርበሬ ላስጣት? ትምህርቱ እዚህ አደረሰሽ?»

እሷ እንቢ ካለች እንቢ ነው፤ ግትርነቱን ደግሞ ለእኔም አውርሳኛለች። እሷ ገበያ ስትወጣ መጋረጃውን እገልጥና ሥዕሏን ወደ መስኮቱ አዞራታለሁ፤ ከመምጣቷ በፊት እንደነበረች እመልሳታለሁ። በመጀመሪያው ዕለት ማታ እናቴ ለጸሎት ስትቆም ጥሬ ሎሚው ብርሃን ቦግ አለ። «ልጄ ደህና ነው! ደህና ነው ልጄ!» እያለች መሬቱን ሳመች። በማግስቱ ከእኔ ጋር በላች። ዛሬም ቢሆን አልጸጸትም፤ እንድትበላ እፈልግ ነበር፣ በላች።

ከወንድሜ ደብዳቤ መምጣቱ ቀረ። እናቴ ግን አልደነገጠችም፤ ማታ ማታ የምታየው ይበቃት ነበር። ለፋሲካ ዶሮ ስትሠራ የእሱን ፈረሰኛ ለይታ አስቀመጠች። የዚያን ሰሞን የአዳማ ፀሐይ ድንጋይ ይሰነጥቃል፤ ሥዕሏም እንደዚያ አብርታ አታውቅም። እናቴ ከጸሎት ስትነሳ ፊቷ እንደ ሙሽራ ፊት ነበር። እኔም የማላምነውን ነገር ላምን ምንም አልቀረኝም።

ክረምት ሲገባ መሠረተ ትምህርት ላስተምር ቡልቡላ ገጠር ተመደብኩ። በአባቴ ዕድሜ ያሉ ገበሬዎች በኦሮምኛ «ባርሲስቱ»፣ መምህርት፣ እያሉ ይጠሩኝ ነበር፤ ያ ሁሉ ክብር ደስ አይልም ብዬ አልዋሽም። ስሄድ ያሳሰበኝ ሥዕሏን ማን ፀሐይ እንደሚያሳያት ነበር። ለወሎዋ ጎረቤታችን አደራ ልላት አሰብኩና ተውኩት፤ እስላም ናት፣ የእናቴን ሥዕል መንካት ይከብዳታል። ሌላ ሰው ደግሞ አልነበረንም።

በመስከረም ስመለስ በሩን የከፈተችልኝ ፀጉሯን የተላጨች፣ ጥቁር የለበሰች ሴት ናት። «መርዶ መጣ?» አልኩ። እናቴ ጀርባዋን ሰጥታኝ ወደ ውስጥ ገባች። የወሎዋ ሴትዮ እጄን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደችኝ። «ማንም ምንም አላላትም፣ ወላሂ» አለች። «የሥዕሏ ብርሃን ጠፋ፣ ልጄ ሞቷል አለችና ራሷ ጥቁር ለበሰች። ተይ ብንላት፣ ተይ ብንላት፣ ማን ይስማን።»

ተናደድኩ። በሕይወት ላለ ልጅ ጥቁር ሲለበስ አይቼ ዝም የምል ሰው አይደለሁም። ሥዕሏን ከግድግዳው አውርጄ እናቴ እያየችኝ ደጅ አወጣኋት፣ ፀሐይ አስመታኋት፤ እናቴ «ኧረ ተይ!» ብትልም አልሰማኋት። ከዚያ ጋቢውን በሁለታችን ላይ ጣልኩት። ጨለማው ውስጥ ሥዕሏ አበራች። መጋረጃውን ቀን ቀን ስገልጥ የነበርኩት እኔ መሆኔን፣ ቡልቡላ ስሄድ የሚገልጥላት እንዳጣች ሁሉንም ነገርኳት።

እናቴ ሥዕሏን በጣቷ ዳሰሰች። «እንግዲህ እሷ ስለ ልጄ የምታውቀው ነገር የለም?» አለች።

«የለም እማዬ። የቀለሙ ነገር ነው፤ የሚያውቀው ፀሐይን ብቻ ነው።»

«ብትጠፋም ሞቷል ማለት አይደለም?»

«አይደለም። መጋረጃው ነው ያጠፋት።»

«በሕይወት ሊኖር ይችላል በይኛ።»

«ይችላል እንጂ!»

ጥቁሩን አወለቀች። በሩ ጀርባ ሚስማር ላይ ሰቀለችውና ወጥ ልታሞቅልኝ ወደ ጓዳ ገባች። በተማርኩት ነገር የዚያን ቀን ያህል ኮርቼ አላውቅም።

ኅዳር ላይ አንድ በክራንች የሚሄድ ልጅ ወደ ከተማችን ተመለሰ። ከወንድሜ ጋር አንድ ምሽግ ነበሩ። ለሰፈሩ ሽማግሌዎች ነገራቸው፤ ሽማግሌዎቹም እንደ ደንቡ ጎህ ሳይቀድ በራችንን አንኳኩ። ወንድሜ የሞተው በሆሳዕና ሰሞን ነው። እናቴ ፈረሰኛውን ለይታ ስታስቀምጥለት፣ ሥዕሏም እንደዚያ ስታበራ፣ እሱ አፈር ውስጥ ነበር። ቀድማ አዘነች ብዬ የተቆጣኋት እናቴ ዘግይታ ነበር። ጥቁሩን ለመፈለግ ሳጥን መክፈት አላስፈለጋትም፤ እዚያው ሚስማሩ ላይ ነበር።

ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ከውጭ ስገባ፣ ግቢው ውስጥ ሰሌን ላይ በርበሬ ተሰጥቷል። ከበርበሬው አጠገብ ነጩ መጋረጃ ተጣጥፎ ተቀምጧል፤ ሥዕሏ ግን የለችም። ወደ ቤት ገባሁ። እናቴ መደቡ ላይ ጋቢዋን እስከ ራሷ ተከናንባ ተቀምጣለች። የምታለቅስ መስሎኝ የጋቢውን ጠርዝ ገለጥ አደረግኩት።

«ግቢ፣ ወይ ዝጊው» አለችኝ። «ብርሃን አታስገቢብኝ።»

ሥዕሏን ጭኗ ላይ አስቀምጣለች። የእናቴ ፊት በዚያ አረንጓዴ ብርሃን ይታየኛል፤ እንባ የለውም።

«እማዬ» አልኩ፣ «ሥዕሏ ስለ እሱ ምንም እንደማታውቅ ነግሬሽ አልነበር?»

«ነግረሽኛል።»

ጋቢውን ከፍ አድርጌ በቀኟ በኩል ልቀመጥ ስል፣ እጇን ዘርግታ ከለከለችኝ።

«በዚያ አይደለም» አለች። «እዚያ የተቀመጠው እሱ ነው። አንቺ በዚህ ነይ።»