«ሠሪው አይታወቅም» ያለው ስልክ

የዚያን ዕለት መርሳ ከተማ፣ ስልክ ጥገና ቤቱ ውስጥ አራት ነበርን፦ እኔ፣ ዓይኗ የማያየው ልጄ መዲና፣ ጠጋኙ ደሳለኝ፣ ሬዲዮ ሊያሠሩ የመጡት አባባ ሰይድ። ነገሩ የሆነው ባለፈው ግንቦት፣ የስድስተኛ ክፍል ፈተና ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነው። ጥፋቱ ከእኔ ስለጀመረ እስካሁን ከልቤ አልወጣም።

መዲና የምታጠናው በስልኬ ነበር። የመጽሐፉን ገጽ ፎቶ ሳነሳላት በአማርኛ የሚያነብላት አፕ አለ። የሠራላት ጌታሁን የሚባል የሰፈራችን አስተማሪ ነው። «በነፃ ነው፤ ለፈለጋችሁት ስጡት» ብሎ ጫነልን። ከዚያ ዓምና ከመርሳ ሄደ።

እኔ ስልክ ላይ የሚመጣ ጽሑፍ ያስፈራኛል። በዚያ ጠዋት «ለደህንነትዎ ሲባል ስልክዎን ያድሱ» የሚል መጣ። ሌባ እንዳይገባብን ብዬ እሺ የሚለውን ነካሁት። ስልኩ ጠፍቶ ሲበራ አፑ አልከፈት አለ።

ደሳለኝ የተጻፈውን አነበበልን። «ሠሪው ስለማይታወቅ ታግዷል።»

«እንዴት አይታወቅም? ጌታሁን ነው እኮ! ስንቴ ቤቴ ገብቶ በልቷል!» አልኩ።

አባባ ሰይድ ሳቃቸው መጣ። «በይ እንግዲህ የቀበሌ መታወቂያ አውጪለት!»

እኔም ልስቅ ነበር፤ የመዲናን ፊት ሳይ ተውኩት።

ደሳለኝ ኮምፒዩተር ላይ ሰክቶ ወደ ድሮው ሊመልሰው ብዙ ታገለ። «አልሆነም እትዬ ዘሃራ። ስልኩ የሚቀበለው ፋብሪካው አይቶ የፈረመበትን አፕ ብቻ ነው። ጌታሁን ራሱ ስሙን ፋብሪካው ጋ አስመዝግቦ አፑን እንደ አዲስ ካልላከው እኔ ምንም አላደርግም።»

«ስልኩ የእኛ አይደል እንዴ?» አለች መዲና።

ደሳለኝ ስልኩን ከኮምፒዩተሩ ነቅሎ ሰጠኝ። ጌታሁን ጋ እዚያው ደወልን፤ ቁጥሩ አይሠራም።

ወደ ቤት ስንመለስ መዲና «ማነው ግን እሺ የሚለውን የነካው?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ» አልኳት።

ሦስቱን ሳምንት እኔ አነበብኩላት። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። የሳይንሱ ቃል ላይ ስደናቀፍ እሷ ገምታ ትሞላልኛለች። አልሃምዱሊላህ፣ አለፈች። ዘንድሮ ሰባተኛ ክፍል ገባች፤ መጽሐፉ በዛ፣ እኔም ደከመኝ። እራት ሳይቀርብ ድምፄ ይዘጋል። ማንንም መውቀስ አልፈልግም፤ ስልኩን የሠሩት እኔን ከሌባ ሊጠብቁ ብለው ይሆናል። ግን ማንም አልጠየቀን።

ጌታሁን የጎረቤታችን ከተማ የውርጌሳ ልጅ ነው። ቀጭን፣ ረዥም፣ በግራ እጁ የሚጽፍ። የት እንዳለ የሚያውቅ ካለ እባካችሁ ንገሩኝ።